የብርቱ ብጉር ሕክምና የመቶ ዓመት ጉዞ፦ ፊት ላይ የታየው ውጤትና ዘግይቶ የመጣው ዋጋ

ብጉር በጉርምስና ዘመን አብዛኛውን ሰው የሚነካ ሕመም በመሆኑ በሕዝቡ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሐኪሞችም ዘንድ እንደ ቀላል ነገር ሲታይ ኖሯል። «የዕድሜ ነው፤ ይተወዋል» የሚለው መልስ ለብዙዎቹ ሕሙማን እውነት ነው። ከእነርሱ መካከል ግን ሕመሙ የሚበረታባቸው ጥቂቶች አሉ። በእነዚህ ላይ ብጉሩ ከቆዳው ሥር ጠልቆ ጠጣር እብጠትና መግል የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ እርስ በርሱ እየተያያዘ ፊትን፣ ደረትንና ጀርባን ያዳርሳል፤ ሲድንም የጎደጎደ ወይም ያበጠ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። ሕመሙ ነፍስ አያጠፋም፤ ነገር ግን ወጣቱን ከትምህርት ቤት፣ ከሥራና ከሰው ፊት የሚያርቅ፣ ለድብርትም የሚዳርግ ነው። ሐኪሞች ባለፈው አንድ መቶ ዓመት ውስጥ ይህን ሕመም ለመግታት በብርቱ መሣሪያዎች የተጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ ባጭሩ መተረክና ከታሪኩ የሚገኘውን አንድ ትምህርት ማመልከት ነው። እያንዳንዱ ሕክምና በጊዜው የተመዘነው ፊት ላይ በሚታየው ውጤት ነበር። ዋጋው ግን የተከፈለው ዘግይቶና በሌላ ስፍራ፣ ማለትም በሕመምተኛው ሌላ የአካል ክፍል ወይም ጨርሶ በሌላ ሰው አካል ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

የሕመሙ ጠባይ

ታሪኩን ለመረዳት የሕመሙን አመጣጥ ማስታወስ ይጠቅማል። ቆዳችንን የሚያለሰልሰው ወዝ የሚመነጨው ከፀጉር ሥር ጋር ከተያያዙ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የተባሉት ሆርሞኖች ሲጨምሩ እነዚህ ዕጢዎች ያድጋሉ፤ ወዙም ይበዛል። በዚያው ጊዜ የፀጉሩ ቀዳዳ ውስጠኛ ሽፋን ከመጠን በላይ እየተራባና እየተጣበቀ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በተደፈነው ስፍራ ዛሬ ኩቲባክቴሪየም አክነስ ተብሎ የሚጠራው ባክቴሪያ ይራባል፤ የሰውነት መከላከያም ሲነሣሣ ቁጣና እብጠት ይከተላል። እንግዲህ የወዝ መብዛት፣ የቀዳዳ መደፈን፣ የባክቴሪያ መራባትና ቁጣ የሕመሙ አራት ምሰሶዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምንተርከው እያንዳንዱ ሕክምና ከእነዚህ አንዱን ወይም ከአንዱ በላይ የሆኑትን ለመምታት የተሞከረ ነው።

የራጅ ዘመን

ቪልሄልም ሮንትገን የራጅ ጨረርን በ1895 ካገኘ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ጨረሩ ለቆዳ ሕመሞች መታከሚያ ሆነ። ጨረር የወዝ ዕጢዎችን ስለሚያኮስስ ብጉር እየጠፋ ሲሄድ ታየ። ከዚያ በፊት በድኝ ቅባትና በልዩ ልዩ አልኮል አዘል ውሕዶች ብቻ ይታገሉ ለነበሩት ሐኪሞች ይህ ትልቅ እመርታ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ እጅግ ብዙ ወጣቶች በየሳምንቱ ፊታቸውን ለጨረር ይሰጡ ነበር።

ዕጢዎቹ ግን ከጊዜ በኋላ መልሰው ስለሚያገግሙ የተገኘው ጥቅም በአብዛኛው ዘላቂ አልነበረም። ጉዳቱ ግን ዘላቂ ሆነ። ፊትን ለማከም የተላከው ጨረር በአንገት ላይ የሚገኘውን የታይሮይድ ዕጢና በአካባቢው ያሉትን የምራቅ ዕጢዎች ይነካ ነበር። በ1950 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ደፊና ፊትዝጄራልድ፣ የታይሮይድ ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት መካከል በርካቶቹ ቀደም ሲል በደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ መሆናቸውን አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ለብጉር ሲባል ጨረር በወሰዱ ሰዎችም ላይ የታይሮይድና የቆዳ ካንሰር ከዓመታት፣ አንዳንዴም ከአሥርተ ዓመታት በኋላ እንደሚታይ አሳዩ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው በራስና በአንገት አካባቢ ጨረር የወሰዱትን ሰዎች ፈልገው እንዲመረምሩ ሐኪሞችን እስከ መጠየቅ ደርሰዋል። በ16 ዓመቱ ፊቱ የጠራለት ወጣት ዕዳውን የከፈለው በ40 ዓመቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ያከመው ሐኪም ደግሞ አብሮት አልነበረም።

የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች

ጨረርን ከሥፍራው ያስለቀቁት ዋነኞቹ መድኃኒቶች ቴትራሳይክሊኖች ናቸው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት በ1948 ይፋ ከሆነ በኋላ በ1950ዎቹ ለብጉር መሰጠት ጀመረ፤ ዶክሲሳይክሊንና ሚኖሳይክሊን ደግሞ በኋላ ተከተሉ። መድኃኒቶቹ ባክቴሪያውን ከመቀነሳቸውም ሌላ ራሱን ቁጣውን ስለሚያበርዱ ለመካከለኛና ለብርቱ ብጉር ጠቃሚ መሆናቸው ተረጋገጠ። ዛሬም ቢሆን ሥፍራቸውን አልለቀቁም።

የእነርሱም ዋጋ ቀስ እያለ ታየ። ለነፍሰ ጡር እናት ወይም ዕድሜው ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ሲሰጡ በመብቀል ላይ ያለውን ጥርስ ለዘለቄታው ያበልዛሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ያለ ገደብ ለወራትና ለዓመታት በመታዘዛቸው የተፈጠረው የባክቴሪያ መላመድ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለመድኃኒት የማይበገር የብጉር ባክቴሪያ መኖሩ ተዘገበ፤ ከዚያ ወዲህም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ዛሬ የሚሰጠው ምክር የሚዋጠው ፀረ ባክቴሪያ ብቻውን እንዳይታዘዝ፣ ቤንዞይል ፔርኦክሳይድን ከመሰለ የሚቀባ መድኃኒት ጋር እንዲሆን፣ ጊዜውም ቢቻል ከሦስት እስከ አራት ወር እንዳያልፍ ነው። ቤንዞይል ፔርኦክሳይድ ባክቴሪያው ሊላመደው ያልቻለ በመሆኑ ይህን ያረጀ መድኃኒት ዘመን አላለፈበትም።

ቫይታሚን ኤ እና የእስረኞቹ ቆዳ

ሦስተኛው መንገድ የተጀመረው ከቫይታሚን ኤ ነው። በ1943 ስትራምፎርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቀን 100,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ በመስጠት ብጉርን እንዳሻሻለ ጻፈ። ሆኖም ይህን ያህል መጠን ለረዥም ጊዜ ሲሰጥ ጉበትን ይጎዳል፤ የራስ ምታትና የአጥንት ሕመምም ያመጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጥቅሙን ሳይተው ጉዳቱን የሚቀንስ የቫይታሚኑን ዘመድ መፈለግ ያዙ። በዚህ ፍለጋ ከተገኙት አንዱ ትሬቲኖይን የተባለው የሚቀባ መድኃኒት ነው። የፊላደልፊያው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1969 ስለዚህ መድኃኒት ለብጉር መጥቀም ያሳተመው ጽሑፍ በሕክምናው ታሪክ ውስጥ ትልቅ ምዕራፍ ነው። የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍት አስተማማኝ መድኃኒት የተገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ከየት እንደ መጣ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ክሊግማን ከ1951 እስከ 1974 ድረስ በፊላደልፊያ በሚገኘው የሆምስበርግ እስር ቤት ውስጥ ትሬቲኖይንን ጨምሮ ብዙ ንጥረ ነገሮችን በእስረኞች ቆዳ ላይ ሞክሯል። ከእስረኞቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ በጥቂት ገንዘብ ተደልለው ምን እንደሚቀባባቸው በቅጡ ሳይነገራቸው ጀርባቸውን የሰጡ ነበሩ። ከተሞከሩባቸው ነገሮች አንዱ ዲዮክሲን የተባለው መርዝ ሲሆን፣ ይህ መርዝ ራሱ ብጉር መሰል ብርቱ የቆዳ ቁስል የሚያስከትል ነው። ይህ ሁሉ የሆነው የሰው ፈቃድ ሳይገኝ ምርምር እንዳይደረግ የሚያዘው የኑረምበርግ ደንብ በ1947 ከታወጀ በኋላ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተቋም በ2021፣ የፊላደልፊያ ከተማ አስተዳደርም በ2022 በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ያን ጊዜ ከእስረኞቹ ብዙዎቹ በሕይወት አልነበሩም።

የ1979ኙ ጽሑፍ

በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በሚገኘው በሮሽ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቬርነር ቦላግ የቫይታሚን ኤ ዘመዶችን በሰፊው ሲያጠና ኖሯል። ከእነዚህ ውስጥ 13-ሲስ-ሬቲኖይክ አሲድ፣ በኋላ አይሶትሬቲኖይን ተብሎ የታወቀው፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት የቆዳ ሐኪም በነበረው በጋሪ ፔክ እጅ ገባ። ፔክና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን በመጀመሪያ የሞከሩት ቆዳን ቅርፊት በሚያለብሱ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ላይ ነበር። ቀጥለው ምንም ዓይነት ሕክምና ያልበገረው ብጉር ባለባቸው 14 ሕሙማን ላይ ሞከሩት።

ውጤቱ በ1979 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ከአራት ወር ሕክምና በኋላ ከ14ቱ 13ቱ ሙሉ በሙሉ ጠሩ፤ የቀረው አንዱም 75 በመቶ ተሻለው። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ሕመሙ አለመመለሱ ነበር፤ ጽሑፉ በታተመበት ጊዜ አንዳንዶቹ እስከ 20 ወር ድረስ ደኅና ነበሩ። ከዚህ በፊት የነበሩት ሕክምናዎች ሁሉ ሲያቆሟቸው ሕመሙ የሚመለስባቸው ስለነበሩ ይህ ከዚያ ቀደም ያልታየ ነገር ነው። አይሶትሬቲኖይን የወዝ ዕጢውን ያኮስሳል፤ ቀዳዳውን ይከፍታል፤ ወዝ ያጣውን ባክቴሪያ ያመነምናል፤ ቁጣውንም ያበርዳል። አራቱን ምሰሶዎች በአንድነት የሚነካ መድኃኒት እርሱ ብቻ ነው።

በ1984 የታተመ ሦስት መጠኖችን ያነጻጸረ ጥናት በሕክምናው ወቅት ሁሉም ሕሙማን ቢሻሻሉም፣ በኪሎ ግራም 0.1 ሚሊ ግራም ከወሰዱት 42 በመቶው፣ 1 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ግን 10 በመቶው ብቻ ሕክምናውን መድገም እንዳስፈለጋቸው አሳየ። በቀን በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም፣ በድምሩም በኪሎ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ግራም የሚለው የተለመደ ልክ ከእነዚህ መሰል ጥናቶች የመነጨ ነው።

በሌላ ሰው አካል ላይ የተከፈለው ዋጋ

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አይሶትሬቲኖይንን አኩቴን በሚል ስም በ1982 ፈቀደ። የመድኃኒቱ አደጋ ያልታወቀ አልነበረም። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ የአይጦችን ጽንስ እንደሚያዛባ ኮላን የተባለ ሐኪም በ1953 አሳትሞ ነበር። የታሊዶማይድ መከራም ቢሆን የ1961 ትዝታ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ሴት እንዳይሰጥ የሚያዝዝ ማሳሰቢያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮት ወጥቷል። ሆኖም ማሳሰቢያ ብቻውን ጠባቂ አልሆነም። ብርቱ ብጉር ከሚይዛቸው መካከል ልጅ በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱም ዝናው ሲወጣ ብርቱ ሕመም ላልያዛቸው ሁሉ መታዘዝ ጀመረ።

በ1983 የመጀመሪያዎቹ የተዛባ አካል ይዘው የተወለዱ ሕፃናት ተዘገቡ። በ1985 ላመርና ባልደረቦቹ ጽንሱ ለመድኃኒቱ የተጋለጠባቸውን 154 እርግዝናዎች መርምረው አሳተሙ። ከእነዚህ 95ቱ በፈቃድ ተቋርጠዋል፤ 12ቱ በራሳቸው ጨንግፈዋል፤ 26 ሕፃናት የሚታይ ከባድ ጉድለት ሳይኖራቸው ተወልደዋል፤ 21ዱ ግን የጆሮ፣ የመንጋጋ፣ የልብ፣ የታይመስ ዕጢና የአንጎል መዛባት ነበረባቸው። ልጆቹን በኋላ የተከታተሉ ጥናቶች የሚታይ ጉድለት ከሌላቸው መካከል እንኳ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው እንደሚገኙ አሳዩ። በጨረር ዘመን የዘገየውን ዋጋ የከፈለው ራሱ ታካሚው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ከፋዩ ገና ያልተወለደ፣ ስለ ብጉሩም ሆነ ስለ መድኃኒቱ ምንም ያልተጠየቀ ሰው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወገን ያለው ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን መድኃኒቱ ከገበያ ይውጣ አለ። ሌላው ወገን፣ ፊታቸውና ጀርባቸው በጠባሳ ሲጎሳቆል ያዩ የቆዳ ሐኪሞች፣ ምትክ የሌለውን መድኃኒት መንፈግ ሌላ ጉዳት መሆኑን ተከራከሩ። የተመረጠው መካከለኛው መንገድ ነው፤ መድኃኒቱ ይቆይ፣ ነገር ግን ይጠበቅ ተባለ።

የጥበቃው ታሪክ

በ1988 የእርግዝና መከላከያ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሴቷ የምትፈርመው ቅጽ፣ በማሸጊያው ላይም የተዛባ ሕፃን ሥዕልና ነፍሰ ጡር ሴት ተሰርዛ የምታሳይ ምልክት ተጨመሩ። በ2001 የታተመ ጥናት ምልክቱን ካዩት ሴቶች ብዙዎቹ ትርጉሙን እንዳልተረዱት፣ አንዳንዶቹም መድኃኒቱን የእርግዝና መከላከያ እንክብል አድርገው እንደወሰዱት ገለጠ። ሊጠብቅ የታሰበው ሥዕል ወደ አደጋው የሚጋብዝ ሆኖ ሊነበብ ይችል ነበር ማለት ነው።

በ2006 ሐኪሙ፣ ታካሚዋና ፋርማሲው በአንድ መዝገብ የሚያዙበት አይፕሌጅ የተባለው ሥርዓት ግዴታ ሆነ። ሴቷ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት ሁለት፣ ከዚያም በየወሩ አንድ የእርግዝና ምርመራ እንድታደርግና ሁለት ዓይነት መከላከያ እንድትጠቀም ተደነገገ። ይህ ሁሉ ሆኖ እርግዝናዎች አልቀሩም፤ በአንድ ትልቅ የጤና ድርጅት ውስጥ ተደርጎ በ2011 የታተመ ጥናት ሥርዓቱ ከመጣ በኋላ የታየው ለውጥ ጎላ ያለ አለመሆኑን ዘግቧል። ሮሽ አኩቴንን በ2009 ከአሜሪካ ገበያ ቢያወጣም መድኃኒቱ በሌሎች አምራቾች ስም ቀጥሏል።

ስለ ድብርትም በ1998 ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበር። በ2023 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ በሕዝብ ደረጃ ሲታይ ራስን የማጥፋት አደጋ በመድኃኒቱ እንደማይጨምር አመልክቷል። ብርቱ ብጉር በራሱ ድብርት ስለሚያስከትል ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ የታካሚውን ስሜት በየቀጠሮው መጠየቅ ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል።

ለአይሶትሬቲኖይን የማይመቹ ወይም የማይፈልጉ ሴቶች ዛሬ ሌላ በር አላቸው። የአንድሮጅንን ሥራ የሚገታው ስፓይሮኖላክቶን በ410 ሴቶች ላይ በእንግሊዝና በዌልስ ተፈትሾ በ2023 በታተመው ውጤት ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል። እርሱም ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ይህ ታሪክ የተፈጸመው በሌላ አገር ቢሆንም ጉዳዩ የእኛም ነው። በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ የተቋቋመው አለርት ለአገራችን የቆዳ ሕክምና እናት ተቋም ሆኖ ኖሯል፤ የቆዳ ሐኪም ማግኘት ግን ለአብዛኛው ሕዝብ ዛሬም ቀላል አይደለም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብጉር ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፤ ኬሎይድ የተባለው ያበጠ ጠባሳም ይበዛል። በዚህ ምክንያት ወጣቶች ማድያትም ሆነ የብጉር ምልክት ያጠፋል የተባለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ይቀባሉ። ቅባቱ ለሳምንታት ፊትን ያሳምራል፤ ቆይቶ ግን ቆዳውን ያሳሳል፤ ራሱም ብጉር ያበቅላል። ከላይ የተተረከው ታሪክ እዚህም በትንሹ ሲደገም እናያለን፤ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፤ ዋጋው ቆይቶ ይመጣል።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ሐኪሙ ሁለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። አንደኛው የመድኃኒቱን አደጋ ፈርቶ ብርቱ ብጉር ያለበትን ወጣት «ይተውሃል» ብሎ ማሰናበት ነው፤ ጠባሳ አንዴ ከተፈጠረ መድኃኒት መልሶ አያነሣውም። ሁለተኛው ማዘዣ ጽፎ ቀጠሮ ሳይሰጥ መቅረት ነው። በአገራችን መዝጋቢ ኮምፒውተርም ሆነ ፋርማሲን የሚያስገድድ ሥርዓት ለዚህ ጉዳይ ባይኖር እንኳ ክትትሉ በአንድ ካርድ ላይ ሊፈጸም ይችላል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የእርግዝና ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ ይጻፍ፤ የምትጠቀምበት መከላከያ ይመዝገብ፤ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ይታዘዝ፤ ማዘዣው ከአንድ ወር አይለፍ። ቴትራሳይክሊን አብሮ ከተሰጠ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ቀድሞ ይቁም። የመጨረሻው እንክብል ከተዋጠ በኋላ አንድ ወር እስኪሞላ እርግዝና እንደማይፈቀድ ደግሞ በአማርኛ ወይም ታካሚዋ በምትሰማው ቋንቋ በቃል ይነገራት፤ በሥዕል ብቻ አይታመን። ከውጭ አገር ዘመድ የላከላት መድኃኒት እንዳለም ይጠየቅ፤ የቀረውን እንክብል ለእኅት ወይም ለጓደኛ እንዳታካፍልም ትምከር።

በ1979 የተዘገቡት 14 ሰዎች ያገኙት ፈውስ እውነተኛ ነበር፤ በ1985 የተቆጠሩት 21 ሕፃናት ያጡትም እንዲሁ እውነተኛ ነው። ሁለቱም የመጡት ከአንድ መድኃኒት ነው፤ መካከላቸው ያለው ልዩነት ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደውና ማን እንደተከታተለው ብቻ ነው። ስለዚህ ብርቱ ብጉርን ለማከም የሚነሣ ሐኪም የመድኃኒቱን መጠን በሚጽፍበት ካርድ ላይ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀንና የሚከታተለውን ባለሙያ ስም አብሮ ይጻፍ። ታካሚው ፊቱ ጠርቶ ከሄደ በኋላም ካርዱ ሳይዘጋ ይቆይ።